አረፋን በጓንዡ

ሚያዝያ 18

ቪዛው ወጣ። ሳቢሪን ከመርካቶ ደውላ ጆሮዬ ላይ እልል አለችብኝ። ቻይና፣ ጓንዡ፣ እኔ። ከአዲስ አበባ ወዲያ አገር አይታ የማታውቅ የቡታጅራ መጋረጃ ሰፊ። እሷ ጫማና ቦርሳ ለማምጣት ስትመላለስ ጓንዡን እንደ ሰፈሯ ለምዳዋለች። ዘንድሮ ግን ለንግድ አይደለም ትላለች፤ ሠላሳ ዓመቴን እዚያ ልታከብርልኝ ነው።

ልደት አክብሬ አላውቅም። ቀኑንም አላውቀውም። ታኅሣሥ ላይ ለፓስፖርቱ የልደት ካርድ ላወጣ ቀበሌ ስንሄድ ጸሐፊዋ ቀንና ወር ጠየቀችኝ፣ እኔ ያለኝ ዓመቱ ብቻ ነው። እማን ብትጠይቋት "እንሰት በምንፍቅበት ሰሞን ነው" ከማለት አታልፍም። ሳቢሪን ከጎኔ ነበረች፤ "ግንቦት 27 ብለሽ ጻፊላት" አለቻት። ለምን ግንቦት 27 ብላት፣ "ቆንጆ ቀን ነው፣ ምን ችግር አለው?" አለችኝ። እንዲህ ሆኖ ግንቦት 27 ተወለድኩ።

አንድ ነገር ብቻ ከነከነኝ። አረፋም ዘንድሮ እዚያው ሳምንት ላይ ነው የሚውለው።

ሚያዝያ 21

መሰለች አብራኝ የምትሠራ፣ ከፊት ለፊቴ ባለው የስፌት መኪና የምትቀመጥ ጓደኛዬ ናት። ክርስቲያን ብትሆንም የእኛን በዓል ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። "ሰው ለአረፋ ወደ ቡታጅራ ሲገባ እንጂ ሲወጣ አይቼ አላውቅም" አለችኝ። እውነቷን ነው። ከጅማ፣ ከሐዋሳ፣ ከደቡብ አፍሪካ ሳይቀር ይገባል። የተጣላ ይታረቃል፣ ሽማግሌ ይላካል፣ ኒካህ ይታሰራል። ለአረፋ መጋረጃ የማይቀይር ቤት ስለሌለ የዓመት ሥራችንም ያኔ ነው።

ለሳቢሪን ነገርኳት። "ሥራ ሁልጊዜ አለ። ሠላሳ ዓመት አንዴ ነው። ፈታ በይ እንጂ አንቺ ልጅ" አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ደግሞ ሽማግሌ ሲመጣ ልጅቷ ቤት ባትኖር ይሻላል፤ ተመልሰሽ ስትገቢ ነገሩ አልቆ ታገኚዋለሽ" አለችኝ። ስልኩን እንደያዝኩ ፊቴ ጋለ።

ዑመይር የሳቢሪን ታላቅ ወንድም ነው። ወልቂጤ የብረትና የሲሚንቶ ሱቅ አለው። እኔና እሱ ቃል ከተገባባን ዓመታት አልፈዋል። በዚህ አረፋ ሽማግሌ እንደሚልክ በራሱ አፍ ነግሮኛል። ይህን ከሳቢሪን በቀር ለማንም አልተናገርኩም፣ ለእማ እንኳ።

ግንቦት 2

ወልቂጤ ውዬ መጣሁ። ሳቢሪን "አንድ አዲስ ቤት አለ፣ መስኮቱን ለክተሽ መጋረጃ ትሰፊለታለሽ" ብላ ነው የወሰደችኝ። ግቢው ሲከፈት የማን እንደሆነ ገባኝ። የዑመይር ጫማ በረንዳው ላይ ነበር፣ እሱ ግን ሱቅ ሄዷል አሉ። ቀለሙ ገና ይሸታል።

ሳቢሪን የሜትሩን አንድ ጫፍ ይዛልኝ ከክፍል ክፍል ዞርን። መኝታ ቤቱ ጋ ስንደርስ "እዚህስ ምን ዓይነት ይሁን?" አለችኝ። "እኔ ምን አውቄ፣ ባለቤቷ ትምረጥ" አልኩ። "አንቺ ብትሆኚስ?" አለች። የወይን ጠጅ ከፈይ ከውጭ፣ ከውስጥ ነጭ ሻሽ አልኩ፤ አፌን ይዤ መሳቄን ማቆም አቃተኝ። እሷ አልሳቀችም። ሜትሩን መጠቅለል ጀመረች።

ሞኝ ነኝ። በሰው ቤት፣ ለዚያውም ሽማግሌ ሳይመጣ፣ እንዲህ መፈንደቅ ምን ይሉታል?

ግንቦት 9

የወልቂጤውን ጨረስኩ። ለሌላ ሰው የምሰፋውን በዚህ ዓይነት ብሠራው ቡታጅራ ሁሉ ደንበኛዬ ይሆን ነበር። ወገቤ ተቆርጧል። ዑመይር አልደወለም። ሥራ በዝቶበት ነው።

ግንቦት 13

ዑመይር ደወለ። ሰላምታው አጭር ነበር።

"ቻይና ለመሄድ የፈለግሽው አንቺ ነሽ?"

"አዎ፣ ማን ሊፈልግልኝ ኖሯል?" አልኩት ለቀልድ።

"በአረፋ?"

ምን ልበለው? ሽማግሌህን መቼ ትልካለህ ብላ የምትጠይቅ ሴት አላየሁም፣ እኔም የመጀመሪያዋ አልሆንም። "ስመለስ እንነጋገራለን" አልኩት። ከዚያ "እሺ፣ እንዳልሽ" ብሎ ዘጋው።

ቀንቶ ነው። ወንድ ልጅ ሴት ከእሱ ቀድማ አውሮፕላን ስትወጣ ደስ አይለውም። ለሳቢሪን ስነግራት "ተይው፣ እኔ አናግረዋለሁ፤ አንቺ አትደውይለት" አለችኝ። እህቱ አይደለች፣ ታውቀዋለች።

ግንቦት 16

ቅቤ ልገዛ ገበያ ወጥቼ እትዬ ዘይባን አየኋቸው፣ የሳቢሪንና የዑመይርን እናት። ከሦስት አራት ሴቶች ጋር ቆመው "ልጅቷስ መልካም ልጅ ነበረች፣ ግን ምን ይደረግ" ሲሉ ደረስኩ። ሲያዩኝ ጨዋታው ተቋረጠ። ጉንጬን ስመው "ለመንገድሽ ምን ያዝሽ ልጄ?" አሉኝ፤ እጄን ግን ቶሎ አልለቀቁትም።

ስለ ሌላ ሰው ይሆናል የሚያወሩት። የታመመች ዘመድ አለቻቸው።

ዑመይር አልደወለም።

ግንቦት 22

ቦሌ። ሳቢሪን ፓስፖርቶቻችንን ይዛ ሰልፍ ላይ ናት። እማ ስትሸኘኝ አለቀሰች፤ በአረፋ ዋዜማ፣ በሴቶች አረፋ ዕለት፣ ጎመኑን ከእኔ ሌላ የሚከትፍላት የለም። ዑመይር "በሰላም ግቢ" ብሎ ጽፏል። ሌላ ምንም የለውም። ጠሩን።

ግንቦት 24

የት እንዳለሁ ለራሴ ደጋግሜ እነግረዋለሁ። ክፍላችን ሃያ ምናምነኛ ፎቅ ላይ ነው። መስኮቱ ከጣሪያ እስከ ወለል አንድ መስታወት ነው፤ እኔ ደግሞ መጀመሪያ ያየሁት መጋረጃውን ነው፣ በቁልፍ ተከፍቶ በቁልፍ ይዘጋል። ሳቢሪን ሳቀችብኝ። ወንዙ ማዶ ያለው ረጅም ማማ ሲመሽ ቀለሙን ይቀያይራል። ባቡሩ ከመሬት በታች ነው የሚሄደው፤ ውስጡ ያን ያህል ሰው ታጭቆ ድምፅ የለም፣ ሁሉም ስልኩን ያያል። ጎመን የምትሸጥ አሮጊት እንኳ ብር አትነካም፣ ስልክሽን አንድ ወረቀት ላይ ትደግኚና አለቀ። እኔ ስልኬን ብደግን ማን ያውቀኛል? ሁሉን የምትደግነው ሳቢሪን ናት።

የእኔ ስልክ እዚህ ሞቷል። ቴሌግራም የለ፣ ዋትሳፕ የለ። የተዘጋውን የሚከፍተው ቪፒኤን አገር ቤት ሳለን መጫን ነበረበት፤ ሳቢሪን እጭንልሻለሁ ስትል ቆይታ ረሳችው። እዚህ ደግሞ ማውረጃው ራሱ እምቢ አለ። በእሷ ስልክ ይሠራል። ወደ እማ ልደውል ስላት "ጠዋት ደውዬላቸው ሰላም ብለውሻል" አለችኝ። እንዲህ ናት፣ ከእኔ ቀድማ የምታስብልኝ።

ግንቦት 25

የጨርቅ ገበያ። ቡታጅራን ከነ ገበያዋ ብታስገቢው ጥግ ላይ ይቀራል፣ ሁሉም ጨርቅ። ጣቴ የማያውቀው ዓይነት ነበር። አንዷ ቻይናዊት ስዳስስ አይታ ሌላ አወጣችልኝ፣ ከዚያ ሌላ፤ ቋንቋ ሳንግባባ እየተሳሳቅን ተለያየን። ሳቢሪን እግሯ እስኪያብጥ አብራኝ ዞረች፣ አንዴም ይበቃል አላለችኝም። ከትምህርት ቤት ጀምሮ እንዲህ ናት። ስምንተኛ ክፍል ደብተሬ የጠፋብኝ ጊዜ የራሷን ሙሉውን ቀድታ የሰጠችኝ እሷ ናት። እህት ብትኖረኝ ይህን ያህል አልወዳትም ነበር።

ከሆቴሉ በረንዳ ላይ ግን በስልክ ስታወራ "ገና ነው፣ ምንም አላወቀችም" ስትል ሰማኋት። ለልደቴ የሆነ ነገር ደብቃልኛለች ማለት ነው።

ግንቦት 27

ተወለድኩ። ወንዙ ላይ በሚሄድ ጀልባ፣ ኬክ፣ ሻማ፣ ስሜን በስህተት የጻፉበት ካርድ። የጀልባው ሰዎች በቻይንኛ ዘፈኑልኝ፤ የማያውቁኝ ሰዎች ሲያጨበጭቡልኝ አለቀስኩም ሳቅሁም። ሳቢሪን ትቀርጸኛለች። "ንገሪን እስኪ፣ ቡታጅራ ይሻላል ጓንዡ?" አለች። "ከዚህ ወዲያ ማን ቡታጅራ ይመለሳል!" አልኩና ሻማውን እፍ አልኩት። "ምንም የሚናፍቅሽ የለም?" አለች። "ማን ይናፍቀኛል?" አልኩ፣ ዑመይርን እህቱ ፊት ልጥራ?

እንዲህ የሳቅሁበትን ቀን አላስታውስም። አልሀምዱሊላህ።

ግንቦት 29

ዒድ። መስጊዱ ቅጥር ውስጥ አበባ ተከልሎ ተተክሏል፤ የሚቀር የሰው ዓይነት የለም። ከሶማሊያ፣ ከየመን፣ ከማሊ፣ ነጭ ቆብ ያደረጉ የቻይና አዛውንቶች። "ዒድ ሙባረክ" ብቻ ነበር የጋራ ቋንቋችን። ሲሰግዱ ሁሉም አንድ ነው። ቅጥሩ ደጃፍ ላይ የተጠበሰ በግ በልተን እማ ቆጮውን ይዛ ታየችኝ።

ከሶላት በኋላ ሳቢሪን እጄን ይዛ ዛፍ ሥር ወሰደችኝ። ዓይኗ ቀልቷል።

"ፈቲሀ፣ አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።"

"ምን አድርገሽኝ?" ብዬ ሳቅሁ።

"ዒድ አይደል? ያወቅሽውንም ያላወቅሽውንም አፉ በይኝ።"

"አፉ ብያለሁ፣ ለአላህ ብዬ። አንቺም አፉ በይኝ።"

አቅፋኝ ረጅም ጊዜ አለቀሰች። እኔም ባላወቅሁት አብሬ አለቀስኩ። ሁላችንም እንዲህ ነው የምናደርገው፤ በዒድ ቀን አፉ በለኝ ያለህን ሰው በምን ብለህ አትጠይቀውም፣ ነውር ነው።

ወደ ማታ በእሷ ስልክ ከእማ ጋር ተገናኘን። ድምጿ ዝቅ ብሏል። ከኋላዋ የመኪና ጡሩምባ በላይ በላዩ ይሰማል፣ ሰው ሁሉ ገብቷል መቼም። "እማ፣ እንግዳ መጣ ወይ?" አልኳት፣ ሌላ መጠየቂያ ስላልነበረኝ። "ምንም እንግዳ አልመጣም። በሰላም ግቢልኝ፣ ስትመጪ እናወራለን" አለችኝ። ሳቢሪን ባትሪው አልቋል ብላ ስልኩን ወሰደችው።

እንግዳ አልመጣም። በሁለተኛው ቀን ይመጡ ይሆናል።

ሰኔ 2

ሳቢሪን አዲስ አበባ ቀረች፣ እኔ የቡታጅራ ሚኒባስ ያዝኩ። ጥያ ላይ ሰው ሻይ ሊጠጣ ሲወርድ ካርድ ሞልቼ ስልኬን ከፈትኩ። መልእክቱ ይወርድ ጀመር። "አላህ የተሻለውን ይስጥሽ።" "በርቺ እህቴ።" የሞተብኝ ሰው ያለ መሰለኝ። ከዚያ ፎቶው።

ዑመይር ነው። ነጭ ለብሷል። አጠገቡ ሴት አለች።

ሰኔ 3

እውነት ነው።

ሰኔ 4

እማ ነገረችኝ። በአረፋ ዕለት ከሰዓት ነው ኒካሁ የታሰረው። የልጅቷ አባት መርካቶ ጅምላ ነጋዴ ናቸው፣ ለበዓል ከነቤተሰባቸው ገብተው ነበር። መኪናዎቹ በእኛ በር አልፈዋል። ያ ጡሩምባ እሱ ነው። "በስልክ እንዴት ልንገርሽ? በሰው አገር ላይ ሆነሽ?" አለች እማ። ለካ ስለ እኔና ስለ እሱ ከድሮም ታውቅ ነበር። እኔ ነኝ የተደበቅሁ የመሰለኝ።

ሳቢሪን አላወቀችም ይሆናል። እሷም እዚያው ከእኔ ጋር ነበረች። የወንድሟን ኒካህ ትታ ከእኔ ጋር መሆኗ ካላወቀች ነው እንጂ።

አዎ። እንደዚያ ነው።

ሰኔ 6

መሰለች ሱቅ ውስጥ ስትሠራ ቆይታ የስፌት መኪናዋን አቆመች። "ፈቲሀ፣ ልናገር? የገዛ ወንድሟ ሠርግ ላይ ያልተገኘችን እህት ማንም የት ሄደች ብሎ አልጠየቀም" አለችኝ። መቀሴን አስቀመጥኩ። "የወልቂጤውንም መጋረጃ ለሙሽሮቹ ነው የሰፋነው። አንቺ ደስ ብሎሽ ስትሰፊ ምን ልበል?" አለች። "አውቀሽ ነበር?" አልኳት። "ጠርጥሬ ነበር። ብሳሳትስ ብዬ ፈራሁ።"

ተቆጣኋት። ምን አደረገች እሷ? ቁጣዬን የምጥልበት ሰው አጥቼ ነው። ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት።

ግንቦት 27ን ያወጣችው ሳቢሪን ናት። ሜትሩን የያዘችልኝ ሳቢሪን ናት። ቪፒኤኑን የረሳችው ሳቢሪን ናት። ሦስቱንም በልቤ ሳውቃቸው ቆይቻለሁ መሰለኝ፣ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው ያልፈለግሁት።

ሰኔ 10

ደወልኩላት። ካሰብኩት ሁሉ አንዱንም አልተናገርኩም። "ለምን?" ብቻ አልኩ።

"ፈቲሀ፣ አፉ ብለሽኛል" አለች። "በዒድ ቀን፣ መስጊድ ውስጥ፣ ለአላህ ብለሽ።"

ስልኩን ዘጋሁት። ከሁሉ ይህ ነው ያቃጠለኝ። እዚያ ዛፍ ሥር ያለቀሰችው ለቅሶ እውነት ነበር ብዬ ተጽናንቼበት ነበር።

ማታ አባን ጠየቅሁት። ሰው የማያውቀውን በደል አፉ ቢል ይያዝበታል ወይ አልኩት። አባ ሶላቱን ሳያጓድል የሚኖር ሰው ነው፤ ቶሎ አይመልስም። "አላውቅም ልጄ። ዑስታዙን ልጠይቅልሽ እችላለሁ" አለ። ሊነሳ ሲል "እኔ ብሆን ግን ያደረገችውን በአፏ እየተናገረች እንደገና ትጠይቀኝ እላለሁ" አለ። ማን እንደሆነች አልጠየቀኝም።

ይህንኑ ጽፌ ላክሁላት።

ሰኔ 15

መጣች። ሱቁ ውስጥ፣ መሰለች ለምሳ ወጥታ። ከስታለች። እንድትቀመጥ አልነገርኳትም፣ ራሷ ተቀመጠች።

"ከየት ልጀምር?" አለች።

"ከመቼ እንደጀመርሽው።"

"ከታኅሣሥ።" መሬት መሬት እያየች ነው የምታወራው። የእሷና የዑመይር አባት የሱቁን ዕቃ ሁሉ የሚያነሱት ከሙሽራዋ አባት ነው። ሰውየው ልጄን ለልጅህ ሲሉ የሳቢሪን አባት እምቢ ማለት አልቻሉም። እምቢ ያለው ዑመይር ነው። ወራቱን ሙሉ እምቢ እንዳለ ቆየ። "ከፈቲሀ አፍ ካልሰማሁ በቀር አልተዋትም" አለ።

"ታዲያ ለምን ከአፌ አልሰማም?"

"ስልክ እንዳይደውልልሽ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ከቻይና እስክትመለስ አትጨቅጭቀኝ ትላለች አልኩት። እኔ ጋ መነገድ አስባለች፣ ማግባት አልፈልግም ትላለች አልኩት። አላመነኝም። አረፋ ላይ ቡታጅራ ብትኖሪ በቀጥታ ቤታችሁ ይመጣ ነበር።" ቀና ሳትል ቀጠለች። "የልደትሽን ዕለት ቪዲዮውን ላክሁለት።"

መጀመሪያ አልገባኝም።

"ማን ቡታጅራ ይመለሳል ያልሽውን። ማን ይናፍቀኛል ያልሽውን። ደጋግሞ አየው። በማግስቱ ለአባዬ እሺ አለ።"

ከዚያ እያለቀሰች፣ ዓይንሽ እያየ ከሚሆን ብትርቂ ይሻላል ብዬ ነው፣ ለቤታችን ብዬ ነው፣ አንቺም ትረሺዋለሽ ብዬ ነው አለች። ሁሉን በአፏ ተናገረች፣ አንድ አላስቀረችም። እንዳልኩትም አደረገች። "እንግዲህ አፉ በይኝ" አለች።

"አልልም" አልኩ።

ትጮኻለች ብዬ ነበር። ተነሳችና ሻርፗን አስተካክላ ወጣች። መሰለች በሩ ላይ አግኝታት ሰላም አለቻት። እኔ እስከ ማታ የሰፋሁት ሁሉ ጠማማ ሆኖ ፈታሁት።

ሰኔ 19

ልደውልለት? አንድ ስልክ ነው። አንድ ስልክ ብደውል ያ ቤት ይተራመሳል። ልጅቷ ምን አደረገችኝ? ስሜን እንኳ አታውቀውም።

እሱስ ቢሆን? አንድ ቪዲዮ አይቶ አመነ። የማውቀው ዑመይር እስክመለስ ይጠብቅ ነበር። እውነት ነው፣ መጠበቅ ይችል ነበር። ተናድጃለሁ። በእሱም ተናድጃለሁ፤ እስከ ዛሬ አልጻፍኩትም እንጂ።

አልደወልኩም።

ሰኔ 23

ዛሬ ዑመይር መጣ።

ከወልቂጤ ለሌላ ጉዳይ ገብቶ ነው ወይስ ለዚሁ፣ አላውቅም። መሰለች አይታው ክር ልግዛ ብላ ወጣች፣ ክር ሞልቶን። በሩ መቃን ላይ ቆመ፣ አልገባም። ሰላም ተባባልን፤ ስለ እማ ጠየቀ፣ ስለ አባ ጠየቀ። ደህና ናቸው አልኩ። ኒካህህን አላህ ይባርክልህ አልኩት፣ ድምፄም አልተሰበረም።

ለመሄድ ዞሮ እንደገና ተመለሰ።

"አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ጀልባው ላይ እንደዚያ የሳቅሽው ከልብሽ ነበር?"

መንገሬ ነበር። ሁሉም ምላሴ ላይ ነበር፣ ታኅሣሥ፣ ቀበሌው፣ ስልኩ፣ ዛፉ። ፊቱን አየሁት። መልሱን ለዓመታት ይዞት የሚኖር ሰው ፊት ነበር፤ እኔ ደግሞ ውሸት ሰልችቶኛል።

"ከልቤ ነበር" አልኩት። "እንደ እህት ከማምናት ከእህትህ ጋር ነበርኩ።"